አንድ ክለብ እንዴት ይወርዳል? የሳውዝሃምፕተን የ2017 ዓ.ም. ውድቀት እና ለእኛ ክለቦች ያለው ትርጉም

እሑድ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳውዝሃምፕተን በሰሜን ለንደን በቶተንሃም 3 ለ 1 ተሸንፎ ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መውረዱን አረጋገጠ። ሊጉ እስኪጠናቀቅ ገና ሰባት ጨዋታ ይቀረው ነበር፤ ፕሪሚየር ሊጉ ከተመሠረተ ወዲህ ይህን ያህል ጨዋታ እየቀረው የወረደ ክለብ አልነበረም። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በባሕር ዳር ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች የሳውዝሃምፕተን ደጋፊ እምብዛም ስለማይገኝ ወሬው እንደ አርሰናል ወይም እንደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሽንፈት ለቀናት ሲያከራክር አልሰነበተም። ነገር ግን ይህ ክለብ የወረደበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ሊታይ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ። ክለብ የሚወርደው የመጨረሻውን ጨዋታ በተሸነፈበት ቀን ሳይሆን ከዚያ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ በተወሰኑ ውሳኔዎች እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የቅርብ ምሳሌ የለምና፤ ባሕር ዳር ከተማን በፕሪሚየር ሊግ፣ ደብረ ማርቆስ ከተማንና ቡሬ ዳሞትን ደግሞ በታችኞቹ ሊጎች ሲከታተል ለኖረ የጎጃም ተመልካችም ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሃያ ክለቦች እያንዳንዳቸው 38 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ ለድል ሦስት፣ ለአቻ አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ 18ኛ፣ 19ኛ እና 20ኛ ሆነው የጨረሱት ሦስቱ ቻምፒዮንሺፕ ወደሚባለው ሁለተኛው እርከን ይወርዳሉ። በእኛም አገር ከፕሪሚየር ሊጉ ወደ ከፍተኛ ሊግ የሚወረደው በዚሁ መርህ ነው። ሳውዝሃምፕተን ከ38 ጨዋታ ሁለቱን ብቻ አሸነፈ፤ በስድስቱ አቻ ወጣ፤ በሠላሳው ተሸነፈ። 26 ጎል አግብቶ 86 ተቆጠረበት፤ በ60 የግብ ዕዳና በ12 ነጥብ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀመጠ። በሊጉ ታሪክ ዝቅተኛው ነጥብ ደርቢ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2007/08 የሰበሰበው 11 ነጥብ ነው፤ ሳውዝሃምፕተን ከዚህ መዝገብ ያመለጠው ግንቦት 2 ቀን በሜዳው ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ያለ ጎል በመለያየቱ ብቻ ነበር። ከወረደ ከወር በላይ የሆነው ክለብ ደጋፊዎች ያን ቀን እንደ ዋንጫ ድል ጨፈሩ።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ኳስ ቤት ውስጥ የሚሰማው ማብራሪያ ሁልጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። «ተጫዋቾቹ ለማልያው አይሞቱም» ይባላል፤ አለበለዚያ «አሰልጣኙን ቀደም ብለው ቢያባርሩት ኖሮ» ይባላል። ሁለቱም የእውነት ቁራጭ አላቸው። ችግሩ ሁለቱም ከሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የሚገኙ ነገሮችን ይዘው መጀመሪያው ላይ ያሉትን መተዋቸው ነው።

መጀመሪያውን ለማግኘት አንድ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ሳውዝሃምፕተን በፕሪሚየር ሊጉ 11 ተከታታይ ዓመታት ከቆየ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ወርዶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በቻምፒዮንሺፕ አራተኛ ሆኖ ጨረሰና ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት አራት ክለቦች ለአንዲት የቀረች ቦታ በሚፋለሙበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በዌምብሌይ ሊድስ ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ወደ ላይኛው ሊግ ተመለሰ። ጎሏን ያስቆጠረው አዳም አርምስትሮንግ ነበር። ይህ ቀን የደስታ ቀን ቢሆንም ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው፤ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ያለፉት ክለቦች ቀድመው ዝግጅት ሲጀምሩ በጥሎ ማለፍ የሚያልፈው ክለብ በየትኛው ሊግ እንደሚጫወት የሚያውቀው በግንቦት መጨረሻ ላይ ነው፤ አዲሱ ሊግ ደግሞ በነሐሴ ይጀምራል። የአውሮፓ የዝውውር መስኮት የሚከፈተው እኛ ዘንድ ክረምት በሚሆንበት ወቅት ነው። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ካልታረሰና አረሙ ካልተነቀለ በኅዳር ምንም ቢደረግለት እንደማያነሳ የጎጃም ገበሬ ያውቃል፤ የእግር ኳስ ክለብም በእነዚያ ወራት ያላዘጋጀውን ቡድን በኋላ በአሰልጣኝ ጩኸት ሊያገኘው አይችልም።

የሚቀጥለው ነገር በሁለቱ ሊጎች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ይህም ሳውዝሃምፕተንን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ ያደጉት ሦስቱም ክለቦች፣ ማለትም ሉተን ታውን፣ በርንሌይ እና ሼፊልድ ዩናይትድ፣ በዚያው ዓመት ተመልሰው ወረዱ። በ2017 ዓ.ም. አዲስ ያደጉት ሌስተር ሲቲ፣ ኢፕስዊች ታውን እና ሳውዝሃምፕተንም ሦስቱም ወረዱ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከስድስት ስድስቱ መውረዳቸው የስድስት አሰልጣኞች ስንፍና በአጋጣሚ ተገጣጥሞ የመጣ ነው ለማለት አይቻልም። ምክንያቱ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን «ገንዘብ የላቸውም» ብሎ ማለፉ ነገሩን አያስረዳም። በፕሪሚየር ሊጉ የመጨረሻ የሆነው ክለብ እንኳ ከቴሌቪዥን መብት በዓመት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ይደርሰዋል። ልዩነቱ ሌላው ክለብ ይህን ገንዘብ ለአምስት፣ ለአሥር፣ ለሃያ ተከታታይ ዓመት ሲቀበል የቆየ መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ተጫዋች ገዝቷል፣ ከተገዙት ውስጥ ያልሆኑትን ሸጦ ሌላ ተክቷል፣ መልማይ ቀጥሯል፣ የወጣት ማሠልጠኛ አቋቁሟል። አዲስ ያደገው ክለብ ግን የዓመታቱን ሥራ በሦስት ወር ለመሥራት ይሞክራል፤ በችኮላ የሚገዛም ውድ ይገዛል።

ሳውዝሃምፕተን በዚያ ክረምት ብዙ ተጫዋች አስፈረመ። ከአርሰናል የመጣው ግብ ጠባቂ አሮን ራምስዴል በስም ትልቁ ነበር። ከእነዚህ ዝውውሮች አብዛኞቹ ለየብቻ ሲታዩ መጥፎ አልነበሩም፤ ከስፖርቲንግ ሊዝበን የመጣው አማካይ ማቴውስ ፈርናንዴሽ ለምሳሌ በመጥፎ ቡድን ውስጥ ጥሩ ዓመት አሳልፏል። የጎደለው የሚያስቆጥር ሰው ነበር። ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ አንድ ጎል እንኳ ማግባት አልቻለም፤ ከተጫዋቾቹም በሊጉ አሥር ጎል የደረሰ አንድም አልነበረም። ብዙ ተጫዋች ማስፈረም እና ቡድን መሥራት የተለያዩ ሥራዎች እንደሆኑ ደጋፊ ቶሎ አይታየውም፤ በዝውውር ወቅት አዲስ ፊት በተዋወቀ ቁጥር ተስፋ ስለሚያድርበት ስንት ሰው መጣ የሚለውን እንጂ ማን ምን ይሠራል የሚለውን አይጠይቅም።

ስለ ራምስዴል አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ግብ ጠባቂ ከዚህ በፊት ከቦርንማውዝና ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋርም ወርዶ ስለነበር የሳውዝሃምፕተን መውረድ ሲረጋገጥ መቀለጃ አደረጉት። እኔ ይህን ኢፍትሐዊ ነው እላለሁ። የተቆጠረውን ጎል ከመረቡ ውስጥ የሚያወጣው እሱ በመሆኑ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል እንጂ ኳሷ እዚያ ከመድረሷ በፊት ያለፉት ስህተቶች ባለቤታቸው ሌላ ነው። በእኛም ሜዳዎች ግብ ጠባቂ የሚሰደብበት ልማድ አለ፤ ቢቀር ደስ ይለኛል።

ስህተቶቹ እንዴት እንደሚፈጠሩ በአንድ ጨዋታ ላይ ጠጋ ብሎ ማየት ይቻላል። ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ሳውዝሃምፕተን የመጀመሪያ ጨዋታውን በኒውካስል ሜዳ አደረገ። በ28ኛው ደቂቃ የኒውካስሉ ተከላካይ ፋቢያን ሼር በቀይ ካርድ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሳውዝሃምፕተን ከአንድ ሰዓት በላይ አሥራ አንድ ለአሥር ተጫወተ፤ ኳሷም አብዛኛውን ጊዜ በእሱ እግር ላይ ነበረች። ዕረፍት ሊወጡ ጥቂት ሲቀር የዕለቱ ግብ ጠባቂ አሌክስ ማካርቲ ኳሷን ወደ ፊት ከመለጋት ይልቅ በአጭሩ ለራሱ ሰው ሊያቀብል ሲሞክር ኳሷ የኒውካስሉ አጥቂ አሌክሳንደር ኢሳቅ እግር ላይ ወደቀች። ኢሳቅ ወደ ጎን ለጆኤሊንተን ሰጠው፤ ጎል ሆነ። ጨዋታው በዚሁ 1 ለ 0 አለቀ። ኳስ የያዘው ተሸነፈ፣ በአሥር ሰው የቀረው አሸነፈ፤ በዚያ አንድ ቀን ውስጥ የዓመቱ ታሪክ በሙሉ ነበረ።

ኳስን ከኋላ ጀምሮ በአጭር ቅብብል ወደ ፊት ማውጣት የአሰልጣኝ ራስል ማርቲን እምነት ነበር። ዘዴው በራሱ የተሳሳተ አይደለም፤ ታላላቆቹ ቡድኖች የሚጫወቱት እንዲሁ ነው፤ ሳውዝሃምፕተንም ያደገው በዚሁ ነው። በቻምፒዮንሺፕ ተከላካዩ ኳስ ሲቀበል ቀና ብሎ ለማየትና ለመምረጥ ጊዜ ያገኛል፤ ጫና ሊያደርግበት የሚመጣው አጥቂም ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ይደርሳል። በፕሪሚየር ሊጉ ያ ግማሽ እርምጃ የለም። አጥቂው ቀድሞ ይደርሳል፤ የማቀበያ መንገዶቹንም ከጓደኞቹ ጋር ተናብቦ ይዘጋቸዋል። ኳስ በተጋጣሚ ሜዳ ሲነጠቅ ቡድኑ ተመልሶ ለመከላከል ሃምሳና ስድሳ ሜትር አለው፤ በራሱ የግብ ክልል አጠገብ ሲነጠቅ ግን በነጣቂው እና በጎሉ መካከል የቀረው ግብ ጠባቂው ብቻ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ዓይነት ስህተት በታችኛው ሊግ ጉዳት ሳያደርስ ሲያልፍ በላይኛው ሊግ ጎል ይሆናል።

ማርቲን ዘዴውን አልቀየረም። ብዙዎች ግትር አሉት፤ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ክለቡ ይህን ሰው የቀጠረው ይህን አጨዋወት ፈልጎ፣ ተጫዋቾቹንም ለዚሁ አጨዋወት መርጦ መሆኑን መርሳት አይገባም። ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ቶተንሃም በሳውዝሃምፕተን ሜዳ ላይ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አግብቶ ዕረፍት ሲወጡ 5 ለ 0 ይመራ ነበር፤ ጨዋታውም በዚያው ተጠናቀቀ፤ አሰልጣኙም በዚያው ምሽት ተሰናበተ። በ16 ጨዋታ የሰበሰበው ነጥብ አምስት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሒሳቡን መሥራት ይጠቅማል፤ መውረድን ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው ሒሳቡ ነውና። በዚያ ዓመት ከወራጅ ቀጠናው በላይ፣ ማለትም 17ኛ ሆኖ የጨረሰው ራሱ ቶተንሃም ሲሆን የነበረው 38 ነጥብ ነው። ሳውዝሃምፕተን የግብ ዕዳው ከባድ ስለነበር ከእሱ በላይ ለመሆን 39 ነጥብ ያስፈልገው ነበር። አምስት ነጥብ በእጁ ነበረ፤ የቀሩት ጨዋታዎች 22 ነበሩ። ስለዚህ ከ22 ጨዋታ 34 ነጥብ፣ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከአንድ ተኩል በላይ መሰብሰብ ነበረበት። በዚህ ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ የተጓዘ ቡድን 59 ነጥብ ገደማ ያገኛል፤ በዚያው ዓመት በ56 ነጥብ የጨረሰው ቦርንማውዝ 9ኛ ነበር። በሌላ አነጋገር ከታኅሣሥ በኋላ ሳውዝሃምፕተን ላለመውረድ የግድ ከሊጉ አጋማሽ በላይ እንዳሉት ጥሩ ቡድኖች መጫወት ነበረበት፤ እንደነሱ መጫወት ቢችል ደግሞ ከመጀመሪያውም እዚያ ላይ አይገኝም ነበር። የመውረድ ወጥመድ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ነጥብ ሲባክን የቀሩት ጨዋታዎች ዋጋ በየሳምንቱ ይንራል፤ ቡድኑ ግን ያው ነው። «ገና ብዙ ጨዋታ አለ» የሚለው መጽናኛ እስከ ጥር ድረስ ሲነገር የሚሰነብተው ይህን ሒሳብ የሚሠራ ሰው ስለማይኖር ነው።

በማርቲን ቦታ ክሮኤሺያዊው ኢቫን ዩሪች ተተካ። ዩሪች በሊጉ 14 ጨዋታ መርቶ አንዱን አሸነፈ፤ እሱም ጥር 24 ቀን ኢፕስዊችን በራሱ በኢፕስዊች ሜዳ 2 ለ 1 የረታበት ነው፤ በአንዱ ደግሞ አቻ ወጣ። መውረዱ በተረጋገጠ ማግሥት ከክለቡ ጋር ተለያየ፤ ቀሪውን ጊዜያዊው አሰልጣኝ ሲሞን ረስክ ጨረሰው። አሰልጣኝ መቀየር ለምን ብዙ ጊዜ አያድንም? አዲሱ ሰው የሚረከበው በሌላ ሰው ሐሳብ የተሰበሰበ ቡድን ነው። ዩሪች በመላው ሜዳ ሰው በሰው የሚያሳድድ አጨዋወት የሚከተል አሰልጣኝ ነው፤ የተረከባቸው ግን ኳስ ይዘው በትዕግሥት እንዲጫወቱ የተመረጡ ልጆች ናቸው። የዝውውር መስኮቱ እስከ ጥር ዝግ ነው፤ በጥር ደግሞ ጥሩ ተጫዋቹን የሚሸጥ ክለብ እምብዛም አይገኝም፤ የመውረድ አደጋ ወዳንዣበበበት ክለብ በፈቃዱ የሚመጣም ጥቂት ነው። በሦስትና በአራት ቀን አንድ ጊዜ ጨዋታ በሚደረግበት ወቅት ለልምምድ የሚቀረው ጊዜ የደከመ እግር ለማሳረፍ እንኳ አይበቃም።

አሰልጣኝ በመቀያየር የመጣውን ጥፋት ጥግ ድረስ ያሳየው የጀርመኑ ሻልከ 04 ነው፤ የእሱ ታሪክ ደግሞ ትንሽ ክለብ ብቻ ነው የሚወርደው ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ይሆናል። ሻልከ እ.ኤ.አ. በ2017/18 የጀርመን የመጀመሪያው እርከን በሆነው በቡንደስሊጋ ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰ፣ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020/21 የውድድር ዘመን አምስት አሰልጣኞች ተፈራረቁበት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሊጉ 30 ተከታታይ ጨዋታ ሳያሸንፍ ቆይቶ ጥር 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሆፈንሃይምን 4 ለ 0 ሲረታ በታስማኒያ በርሊን ስም ካለው የ31 ጨዋታ መዝገብ አንድ ጨዋታ ብቻ ቀርቶት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን በቢለፌልድ 1 ለ 0 ተሸንፎ ወረደ፤ በ34 ጨዋታ ሦስት ድልና 16 ነጥብ ብቻ ይዞ ጨረሰ።

የሻልከ በሽታ የተጀመረው ግን ከአምስቱ አሰልጣኞች በፊት ነው። ክለቡ ወጪውን የሠራው በየዓመቱ በቻምፒዮንስ ሊግ እንደሚጫወት አስቦ ነበር። ሁለት ዓመት ያ ገቢ ሲቀር ደመወዙ ያው ሆኖ ቀረ፤ ዕዳው ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ደረሰ። ዋጋ ያላቸውን ተጫዋቾች ኮንትራታቸው እያለቀ ያለ ክፍያ አጣቸው፤ ለምሳሌ አማካዩ ሌዮን ጎሬትስካ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ባየርን ሙኒክ የሄደው ሻልከ አንድ ዩሮ ሳያገኝበት ነው። በዚያ ላይ ኮሮና መጣና ስታዲየሙ ባዶ ሆነ፤ የትኬቱ ገቢም ቀረ። ሻልከ በቀጣዩ ዓመት የሁለተኛው ሊግ አሸናፊ ሆኖ ቢመለስም እ.ኤ.አ. በ2022/23 እንደገና ወረደ። አንዴ የተናጋ ክለብ ማደጉ ብቻ አይጠግነውም፤ ሳውዝሃምፕተንም በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ የወረደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከወረዱ በኋላ የሚሆነው በእንግሊዝና በእኛ አገር በጣም ስለሚለያይ ከዚህ ወደ እኛ ልምጣ። በእንግሊዝ ለወረደ ክለብ ሊጉ የመውደቂያ ድጋፍ ይከፍላል፤ ነባር ክለቦች በእኩል ከሚከፋፈሉት የቴሌቪዥን ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት 55 በመቶ፣ በሁለተኛው 45 በመቶ፣ በሦስተኛው 20 በመቶ ይሰጠዋል። ሳውዝሃምፕተን በሊጉ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ የሚያገኘው የሁለቱን ዓመት ብቻ ነው። ይህም ሆኖ ዋስትና አይደለም፤ ሉተን በ2016 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዶ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ከቻምፒዮንሺፕም ወርዷል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ትራስ የለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት በዚያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ፤ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ አራት ዓመት ብቻ ነው። በተቃራኒው በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሦስት ክለቦች አብረው አደጉ፤ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ እና ኢትዮጵያ መድን። ሁለቱ በቀጣዩ ዓመት ተመልሰው ሲወርዱ መድን ግን ጸንቶ በ2017 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሦስቱም ከአንድ በር ገብተው የተለያየ ቦታ መድረሳቸው ማደግ ራሱ ዕጣ ፈንታን እንደማይወስን ያሳያል።

በእኛ ሊግ ከእንግሊዙ የሚለየው አንዱ ነገር የሜዳ ጉዳይ ነው። ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ጨዋታዎቹ በጥቂት ከተሞች ተሰባስበው ይካሄዳሉ፤ የባሕር ዳር ስታዲየምም ካስተናገዱት አንዱ ነበር። ለመውረድ የተቃረበ ቡድን ነጥብ የሚለቅመው በአብዛኛው በሜዳውና በደጋፊው ፊት ነው። ያ ሲቀር ዓመቱን ሙሉ ሆቴል ውስጥ እየኖረ በባዕድ ሜዳ የሚጫወተው ቡድን የሚተማመነው በራሱ ጥራት ላይ ብቻ ነው፤ ጥራቱ የጎደለው ቡድን ደግሞ ደጋፊ የሚሞላለት ክፍተት አያገኝም። የጣና ሞገዶቹ፣ ማለትም ባሕር ዳር ከተማ፣ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆነው የጨረሱት በዚሁ አሠራር ውስጥ ስለሆነ ስኬታቸው በሰንጠረዡ ላይ ከሚታየው የበለጠ ክብደት አለው።

ሁለተኛው ልዩነት ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። የከተማ ክለቦቻችን በአብዛኛው የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ተጫዋች የሚፈርምበት ወቅትም ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በጀቱ ዘግይቶ ከጸደቀ ወይም ከተጠየቀው አንሶ ከመጣ አሰልጣኙ የሚፈልጋቸው ተጫዋቾች ሌላ ክለብ ገብተው ያድራሉ፤ ክለቡ በመስከረም መጨረሻ የቀረውን ሰብስቦ ወደ ውድድር ይገባል። ከዚያ በየካቲት ደመወዝ ይቋረጣል። ሦስት ወር ያልተከፈለው ተጫዋች ልብ የለውም ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ቤት ኪራይ አለበት፤ ወደ ቤተሰቡ የሚልከው ገንዘብም አለ። የሳውዝሃምፕተን ተጫዋቾች ሲሸነፉ ደመወዛቸው አልተቋረጠም፤ በእኛ ዘንድ ግን የሜዳው ሽንፈትና የካዝናው መድረቅ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ስለሚሄድ የቱ እንደቀደመ ለመለየት ያስቸግራል።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ትልቁ ኮንትራት ነው። ሳውዝሃምፕተን እንደወረደ ማቴውስ ፈርናንዴሽን ለዌስትሃም፣ በራሱ ማሠልጠኛ ያደገውን ታይለር ዲብሊንግን ለኤቨርተን እያንዳንዳቸውን በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ፓውንድ ሸጠ። ይህን ማድረግ የቻለው ተጫዋቾቹ ገና ዓመታት የሚቀሩት ውል ስለነበራቸው ነው፤ ስለዚህ መውረዱ ባዶ እጁን አላስቀረውም። በእኛ ክለቦች ግን ኮንትራቱ በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ክለቡ በወረደ በወሩ ውሉ ያልቃል፤ ተጫዋቹ ያለ ምንም ክፍያ ወደ ሌላ ክለብ ይሄዳል፤ ክለቡ ወደ ከፍተኛ ሊግ የሚገባው አሰልጣኝም ቡድንም ሳይኖረው፣ ከተቀነሰ በጀት ጋር ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ በየሜዳው ላይ የሚታዩት ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸውን አምስት ስድስት ልጆች ለአራት ዓመት ማስፈረም ከሌላ ከተማ አንድ ስመ ጥር ተጫዋች ለአንድ ዓመት ከማምጣት የሚበልጥ ወጪ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ሐምሌ የክለቦቻችን አመራሮች ዕቅዳቸውን ለደጋፊ ሲያቀርቡ ስንት ተጫዋች እንዳስፈረሙ ብቻ ሳይሆን ከተጫዋቾቻቸው ስንቱ ከሁለት ዓመት በላይ የሚቀረው ውል እንዳለው ቢጠየቁ መልሱ ስለ ክለቡ ከማንኛውም የወዳጅነት ጨዋታ ውጤት የበለጠ ይናገራል።